ሎጥ ዐይኑን ባነሣ ጊዜ

በኦሪት ዘፍጥረት 13ኛው ምዕራፍ ላይ የአብራምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ይጣላሉ። ከብቱ በዝቷል፤ ምድሪቱ ሁለቱን አንድ ላይ አልበቃቻቸውም። አብራም አጎት ነው፤ ቀድሞ መምረጥ የሚገባው እሱ ነበር፤ ግን ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ይለቅለታል። ሎጥም ዐይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ ያያል። ውሃ የጠገበ፣ ለምለም፣ የግብፅን ምድር የሚያስታውስ አገር ነው። መረጠውና ሄደ። መጽሐፉ በዚህ ምርጫ ሎጥን ወዲያው አይወቅሰውም፤ ከብት ያለው ሰው ውሃ ያለበትን ቢመርጥ ምን ያስወቅሰዋል? ነገሩ የሚታየው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ድንኳኑን ወደ ሰዶም አስጠግቶ ይተክላል፤ በ14ኛው ምዕራፍ እዚያው ሰዶም ውስጥ ኗሪ ሆኖ ይገኛል፤ በ19ኛው በከተማይቱ በር ላይ እንደ አገሬው ተቀምጧል፣ ሴቶች ልጆቹም ለዚያው ከተማ ሰዎች ታጭተዋል። ሜዳውን ሲመርጥ ያሰበው ለከብቶቹ ነበር። አማቾቹንም በዚያው ቀን አብሮ መምረጡ አልታየውም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ትንንሽ ልጆች ይዘው ቤት የሚፈልጉ ባልና ሚስት የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራት ይጠፋል? ታክሲ ከየት ይያዛል? ካርታ አለው? ትምህርት ቤቱ ስንት ያስከፍላል? ደላላውም መልሱን በቃሉ ይዞታል። ከእነዚህ አንዱም ከንቱ ጥያቄ አይደለም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ያለ ውሃ አይኖርም። ግን ሁሉም የሎጥ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚመለከቱት ሜዳውን ነው። ልጁ ከማን ጋር ብይ እንደሚጫወት፣ ሲያጠፋ ማን እንደሚቆጣው፣ እናቱ ከሥራ ስትዘገይ ማን ቤት ገብቶ እንደሚበላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ አቅሙ ከዚያ በላይ ቢፈቅድለት እንኳ፣ ልታይ ልታይ የማይል ሰፈር መምረጥ አለበት ብዬ እከራከራለሁ፤ የተለያየ ኑሮ ያለው ሰው ተቀላቅሎ የሚኖርበት፣ ከደጅ በእግር ወጥቶ ሰው የሚገኝበት፣ የቤቱ ዋጋ የወላጆችን ዕድሜ የማይበላ ሰፈር። ይህን የምለው ገንዘብ ስለሚተርፍ ብቻ አይደለም። ሰፈር መምረጥ ከእምነትና ከሥነ ምግባር የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ከነጭራሹ እንደ ንብረት ጉዳይ ብቻ መታየቱ ልጆቻችንን እየጎዳቸው ነው።

በ4ኛው መቶ ዘመን የተወለደው፣ በቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴውም በስሙም የሚታወቀው ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፈው አንድ ድርሳን አለ። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ መጽሐፍ ማሰባሰቡ ራሱ ትምህርት ነው። ድርሳኑ የሚጀምረው በሕዝብ ፊት እንዲጨበጨብለት ሲል ሀብቱን በቲያትር ለትርኢት በሚያፈስ ባለጸጋ ነው፤ ከዚያ ይህ የልታይ ባይነት በሽታ ሰውን የሚይዘው ገና በልጅነቱ መሆኑን ያሳያል። የልጅን ነፍስ አዲስ እንደተመሠረተች ከተማ ያያታል፤ ዐይን፣ ጆሮ፣ አንደበት፣ አፍንጫና መዳሰስ በሮቿ ናቸው፤ ወላጅ ደግሞ በየበሩ ማን እንደሚገባ የሚወስን ገዥ ነው። ይህን አሳብ ወደ እኛ ዘመን ስናመጣው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ በእነዚህ በሮች ቀኑን ሙሉ የሚገባና የሚወጣው ከቤት ምክር ይልቅ የሰፈሩ ኑሮ ነው። አባት በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ትሕትና ቢመክር፣ ልጁ ግን በየቀኑ የሚያየው መኪና የሚወዳደርበት፣ የጎረቤት ስም የማይታወቅበት፣ ጥበቃው በደረጃ ሰላምታ የሚሰጥበት ግቢ ከሆነ፣ የትኛው ትምህርት ይጸናል?

ቻይናውያንም ይህን አስተውለዋል። ስለ ፈላስፋው ሜንግ ዚ እናት የሚነገረውን፣ ሊዩ ሺያንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን በመጽሐፉ ያሰፈረውን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል። እናቲቱ በመቃብር አጠገብ ስትኖር ልጇ የቀብር ጨዋታ ሲጫወት አየች፤ ወደ ገበያ አጠገብ ተዛወረች፣ ሻጭና ገዥ መጫወት ጀመረ፤ በመጨረሻ በትምህርት ቤት አጠገብ ስትሰፍር ሥርዓትና አክብሮት መጫወት ያዘ፤ እዚያ ረጋች። በፍርዷ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ገበያን ከልጅ የሚሸሽ ቦታ አድርጋ ማየቷ ትክክል አይመስለኝም። ሻጭን ማየት፣ ላቡን አንጠፍጥፎ የሚያድር ሰውን ማወቅ ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ዋናውን ነገር ግን አግኝታዋለች። ልጅ የሚሆነው በዙሪያው የሚሠራውን ነው፤ ስለዚህ ቤት ስንለውጥ የምንለውጠው የልጁን ጨዋታ ነው።

ይህ የጥንት ሰዎች ግምት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በዘመናችን የተሠራ ብርቱ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ወደ 4,600 የሚጠጉ ድሃ ቤተሰቦች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ የተወሰኑት ድህነት ወደቀነሰበት ሰፈር እንዲዛወሩ የኪራይ ድጋፍ ተሰጣቸው። ራጅ ቼቲና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜያቸው ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ። ዕድሜያቸው ከፍ ካለ በኋላ የተዛወሩት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። ይህ ውጤት ሰፈር ልጅን የሚሠራው በዓመታት ብዛት መሆኑን ይነግረናል፤ ልጅ በትንሽነቱ የገባበትና የቆየበት ሰፈር ነው የሚያበጀው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከዚህ ጥናት የተሳሳተ መደምደሚያ ያወጣል፤ "እንግዲያው አቅማችን የፈቀደውን ያህል ሀብታም ሰፈር እንግባ" ይላል። የተጠናው ከከፋ ድህነት መውጣት ነው፤ ከመካከለኛ ኑሮ ወደ ታጠረ ሀብት መውጣት አልተጠናም።

እንዲያውም ቼቲና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይዘውት የመጡት ሌላ ጥናት ወደዚህ ጽሑፍ አሳብ ይበልጥ ይጠጋል። የ72 ሚሊዮን ሰዎችን የፌስቡክ ወዳጅነት፣ በጠቅላላው 21 ቢሊዮን የሚሆን የወዳጅነት ትስስር መርምረው፣ የድሃ ልጅን ከድህነት መውጣት አጥብቀው ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ በአካባቢው ድሃና ሀብታም ምን ያህል እንደሚወዳጁ መሆኑን አገኙ። አንድ ቦታ መኖር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰዎች አብረው እየኖሩም በመደብ ተለይተው ይወዳጃሉ። ይህ ልዩነት ከሌላው ቦታ ሁሉ አንሶ የታየው በእምነት ማኅበራት ውስጥ ነበር። እኛ ለዚህ እንግዶች አይደለንም። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴና ዕድር ባለ ቪላውንና የጉልት ነጋዴዋን በአንድ ድንኳን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለዘመናት ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ጥያቄው ልጆቻችን ያንን ድንኳን ሊያዩት በሚችሉበት ሰፈር እያሳደግናቸው ነው ወይ የሚል ነው።

አዲስ አበባ ከጥንስሷ የተቀላቀለች ከተማ ነበረች። ብዙዎቹ ሰፈሮቿ የተሰየሙት በመኳንንቱ ስም ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር እያለ ይቀጥላል። መኳንንቱ በተመሩት ቦታ መሐል ግቢያቸውን ሲሠሩ፣ በዙሪያቸው ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ሸማኔውና ጠላ ሻጯ ጎጆ ቀለሱ። ይህ እኩልነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ የጌታና የሎሌ ጉርብትና ነበር፤ ብዙ ግፍም ተሸክሟል። ሆኖም የባለጸጋው ልጅና የድሃው ልጅ በአንድ መንገድ ይሄዱ፣ በአንድ ደብር ይሳለሙ፣ በአንድ ሜዳ ኳስ ይራገጡ ነበር። ኋላ የመጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣም ሳያስበው ይህንኑ ቀጠለ፤ የ1997ና የ2005 ዓ.ም. ተመዝጋቢዎች ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት አልመረጡም፣ ዕጣው አስተማሪውን ከነጋዴው፣ ባለ ዲግሪውን ከቀን ሠራተኛው በአንድ ደረጃ ላይ አስፍሯቸዋል። እነዚያ ባለ አራት ፎቅ፣ አሳንሰር የሌላቸው ሕንፃዎች ብዙ ጉድለት አለባቸው። ግን በአንድ ደረጃ ጄሪካን ይዘው ሲወጡ የማይገናኙ ጎረቤታሞች የሉም። ለሰርግና ለሐዘን፣ ለማረድና ለማጠብ ተብለው የተሠሩት የጋራ ቤቶችም፣ ብዙ ቦታ ቢዘጉም ወይም ለሌላ ሥራ ቢውሉም፣ ከተማው ጉርብትና ቦታ እንደሚያስፈልገው አስቦ እንደነበር ይመሰክራሉ።

ዛሬ አዝማሚያው ተለውጧል። አቅም ያለው ወደ ታጠረው ሪል እስቴት ግቢ ይገባል፤ አቅም የሌለው ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ይርቃል። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ሼሊንግ በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ "ጥቂት እንኳ እኔን የሚመስል ጎረቤት ቢኖረኝ" ብሎ ብቻ ቢመርጥ፣ ማንም ያልፈለገው በእጅጉ የተከፋፈለ ከተማ ሊፈጠር ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። የእኔ የሰፈር ምርጫ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የጎረቤቴንም ልጅ ዕድል ይወስናል። ልጄን ከድሃው ልጅ ሳርቅ፣ የድሃውንም ልጅ ከእኔ ልጅ አርቄዋለሁ።

እምነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሉቃስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ የሕግ አዋቂው ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ድንበሩን ለማወቅ ፈልጎ ነው፤ ክርስቶስ ጥያቄውን ገልብጦ፣ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን ነው አለው። በመንገድ የወደቀውን ሰው አይቶ ማለፍ ኃጢአት መሆኑን ካህኑም ሌዋዊውም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ገለል ብለው ያለፉት። እኛ ግን ከእነሱ የባሰ ብልሃት አግኝተናል፤ የወደቀ ሰው በማይኖርበት መንገድ ዳር ቤት እንገዛለን፤ እንግዲህ የምናልፈው ሰው ስለሌለ ኅሊናችን ንጹሕ ይመስለናል። በእስልምናም ነገሩ ከዚህ የቀለለ አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ የቅርቡና የሩቁ ጎረቤት ለየብቻ ተጠቅሰው በጎ እንዲደረግላቸው ታዟል፤ ጅብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሣም ነቢዩ ሙሐመድ ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል፤ ጎረቤቱ ተርቦ እሱ ጠግቦ የሚያድር ሰው እምነቱ ሙሉ አይደለምም ተብሏል። ይህን ትእዛዝ ለመፈጸም የሚራብ ጎረቤት በአቅራቢያ መኖር አለበት። ነቢዩ ሕዝቅኤል የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ትዕቢትን፣ እንጀራ ጠግቦ በምቾት መቀመጥንና የድሃውን እጅ አለማበርታትን ነው፤ ብዙ ሰው የሰዶምን ስም ሲሰማ የሚያስበው ሌላ ነገር ቢሆንም። የሎጥ ሜዳ ለምለምነቱና ይህ ኃጢአት አንድ አካባቢ መገናኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ልጅ ይህን ሁሉ በስብከት አይማረውም። የሚማርበትን ቦታ ለማየት በአንድ የሰፈር ሱቅ በር ላይ ጥቂት መቆም ይበቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ብሩን በመዳፏ ጨብጣ ትመጣለች፤ መስኮቱ ከፍ ስለሚል በእግር ጣቶቿ ትቆማለች። ሁለት እንቁላልና አንድ ሳሙና ትጠይቃለች። ባለ ሱቁ መልሱን እየቆጠረ ያስረክባትና ለእናቷ የትናንቱ ዘይት በዱቤ ደብተሩ ላይ መጻፉን እንድትነግር ያዛታል። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ እማማ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቋታል፤ ስትነግራቸው የአያቷን ስም ጭምር ይጠሩላታል። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ሒሳብ አለ፣ መታመን አለ፣ ዕዳ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ፣ የራሷን ማንነት ከሌላ ሰው አፍ መስማት አለ። አስቤዛውን በስልክ አዝዞ ጥበቃው በር ላይ የሚረከብለት ቤተሰብ ጊዜ ቆጥቧል፤ ልጁ ግን ይህን ሦስት ደቂቃ አላገኘም፤ በሌላ ትምህርትም አይተካለትም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ ደኅንነት ነው፤ ተገቢም ነው። ወላጅ ልጁን ለአደጋ አጋልጦ ስለ ጉርብትና የሚሰብክበት መብት የለውም። ጥያቄው ልጅን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ነው። ዶናልድ አፕልያርድ በሳን ፍራንሲስኮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ይፋ ያደረገው ጥናት ሦስት የሚመሳሰሉ መንገዶችን አወዳድሮ ነበር። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖሩት ሰዎች፣ 16,000 ያህል በሚያልፍበት ከሚኖሩት ሦስት እጥፍ የሚሆን የጎረቤት ወዳጅ ነበራቸው። መኪናው በበዛበት መንገድ ሰው ደጁን ትቶ ወደ ጓሮ ይሸሻል፤ ደጅ ላይ ሰው ከሌለ ደግሞ ልጁን የሚያይ ዐይን የለም። አጥርና ካሜራ ሌባን ይከለክላሉ፤ ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ግን አያነሡትም፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሄድ አይተውም አይጠሩትም። ለዚህ እትዬና ጋሽዬ ያስፈልጋሉ። እርግጥ ነው፣ ቦዘኔ የሚሰበሰብበት፣ መብራት የሌለው ጨለማ መንገድ ያለበት፣ ክፍት ቦይ በየደጁ የሚገኝበት ሰፈር ትሑት ስለሆነ ብቻ አይመረጥም። ልታይ ልታይ አለማለትና መጎሳቆል አንድ አይደሉም፤ ይህን የሚያምታታ ሰው ድሃውንም ይበድለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የርቀት ነው። ዋጋው የሚመጥነው ቤት ያለው ከከተማው ዳር ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሲሳሳት ይታያል፤ ርካሽ ሁሉ ለልጅ የሚበጅ አይደለም። በህንድ አህመዳባድ በ1987 እ.ኤ.አ. በዕጣ ቤት የተሰጣቸው ድሆች ከመሐል ከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቀው ሰፈሩ፤ ከ14 ዓመት በኋላ ሲጠኑ ቤታቸው ተሻሽሏል፤ ገቢያቸውም የልጆቻቸው ዕድልም ግን ዕጣ ካልወጣላቸው አልተሻለም፣ ከዘመድ ከወዳጃቸው ግን ተነጥለዋል፤ ብዙዎቹም ቤቱን ትተው ተመልሰዋል። በእኛም ከተማ በ2016ና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ዳር የወጡ ቤተሰቦች ያጡት መንደሩን ብቻ አይደለም፤ ዕድሩን፣ ዱቤውን፣ ልጅ የሚያውልላቸውን ጎረቤት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚመለስ አባት ልጁን የሚያየው ተኝቶ ነው። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ሽቱትሰር በጀርመን መረጃ ላይ ባደረጉት ጥናት ሰዎች ለረጅም ጉዞ የሚያገኙት የቤትና የደመወዝ ጥቅም የጉዞውን ምሬት እንደማይክስላቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ትልቅ ሳሎን ያለው ሩቅ ቤትና ጠበብ ያለ ቅርብ ቤት ሲቀርቡ፣ ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ጠበብ ያለውን እመርጣለሁ። ልጅ ከሳሎኑ ስፋት ይልቅ አባቱ በእራት ሰዓት መገኘቱን ይፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ከውስጥ የሚነሣ ነው። ድሮ የነበረውን ጉርብትና ታስውባለህ፤ ሐሜቱን፣ ምቀኝነቱን፣ ያለ ፈቃድ ቤት መግባቱን ረሳህ ወይ የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ጎረቤት ይከብዳል። የሚከብደው ግን ስለማይመረጥ ነው፤ የጉርብትናም ጥቅሙ ከዚሁ ይመነጫል። ወዳጅን እኛን ስለሚመስል እንመርጠዋለን፤ ጎረቤት ግን እንዳለ ይሰጠናል፤ ሰውን ሰው ስለሆነ ብቻ መሸከምን የምንማረው ከእሱ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅለው በሚኖሩበት ደረጃ ላይ ያደገ ልጅ፣ የእነ እገሌ ቤት ሰዎች የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ፣ እኛም የእነሱን እንደማንበላ፣ ግን በበዓላቸው ዳቦና ለስላሳ ይዘን እንደምንሄድ ገና ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። ልዩነት እያለ መከባበር እንደሚቻል ይህ ልጅ የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሰሃን ነው። በየቋንቋውና በየብሔሩ ለመነጣጠል በሚገፋ ዘመን ይህ ዕውቀት ያለው ትውልድ እንዲያድግ ካልፈለግን ምን እንፈልጋለን?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ምርጫ ማለት ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ብዙው ሰው የሚኖረው ዕጣ ባወጣለት ወይም ኪራይ በፈቀደለት ነው። ተከራይ ደግሞ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይነሣል፤ ልጁ ጓደኛ አፍርቶ ሳይጠግብ ሌላ ሰፈር ይገባል፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የአምስቱ የአሜሪካ ከተሞች ጥናት እንዳሳየው ሰፈር የሚጠቅመው ሲቆዩበት ነውና ይህ መንከራተት ከድህነቱ የማይተናነስ ጉዳት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ ለዚህ ይጠቅማል፤ ልጅ ያለው ተከራይ ውሉን ሲዋዋል ይህን መብት አጥብቆ ቢይዝ ለኪራዩ ብቻ ሳይሆን ለልጁ ጓደኝነት ይከራከራል። ዕጣ ባልመረጠው ቦታ የጣለውም ሰው ምርጫ አልቆበታል ማለት አይደለም። አብራም ሜዳውን ለሎጥ ትቶ በደረሰው ደጋ ላይ ሲቀር፣ በኬብሮን በመምሬ አድባር ዛፍ ሥር መሠዊያ ሠራ፤ እንግዳ የተቀበለውም እዚያው በመምሬ ነው። ያልመረጠውን ቦታ ሰው የሚያርፍበት አደረገው።

በሌላ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደሉም። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሐበሻ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሰፍሮ ልጅ ሲወልድ፣ የመጀመሪያው ጭንቀቱ ለልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበትን አካባቢ ማግኘት ነው፤ እዚያ አገር የመኖሪያ አድራሻ ትምህርት ቤቱን ስለሚወስን ጭንቀቱ ትክክል ነው። ግን ወደ ሩቁና ወደ ውዱ ሰፈር ሲገፋ፣ ሁለቱም ወላጆች ዕዳውን ለመክፈል ሁለት ሁለት ሥራ ይይዛሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የአርባ ደቂቃ መንገድ ይሆናል፤ ልጁም ቋንቋውን የሚሰማው ከአንድ ደክሞ ከገባ ሰው ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ሰው ሠርቶ የሚያድርበት፣ አውቶቡስ ያለው፣ ሐበሻውም ሌላውም የተቀላቀለበት መካከለኛ ሰፈር፣ የትምህርት ቤቱ ነጥብ በጥቂት ቢያንስ እንኳ፣ ለልጅ የበለጠ የሚሰጥ ይመስለኛል።

እንግዲህ ቤት ለማየት የሚሄዱ ባልና ሚስት ከደላላው ጋር በጠዋት ከሚሄዱ፣ በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ብቻቸውን ቢሄዱ ይሻላቸዋል። በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ የሚዘል ልጅ አለ? አልፎ የሚሄድ አዋቂ የልጆቹን ስም ይጠራል? ባለ ሱቁ ዱቤ ይሰጣል? የዕድሩ ሰብሳቢ ማን ነው፣ ተከራይ ይቀበላሉ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገባበታል? እነዚህ መልሶች በካርታውም በማስታወቂያውም ላይ አይገኙም፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ለጠየቀ ግን ማንም አይደብቃቸውም። በታጠረ ግቢ ውስጥ ቀድሞ ቤት የገዛም ቤተሰብ ቢሆን ከበሩ ውጭ ባለው ዕድር መግባት፣ ልጁን ከግቢው ውጭ ባለ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ማስገባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ሜዳ ኳስ እንዲጫወት መልቀቅ ይችላል። የዕድሩ ወርኃዊ መዋጮ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት መኪና ከሚከፈለው ያነሰ ነው፤ ምዝገባውም ብዙ ጊዜ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይካሄዳል።